ከርቢሽሊ ከሄደ በኋላ፦ ትንሽ ክለብ አሰልጣኝ ሲመርጥ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ሚያዝያ 29 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማታ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ነው። ሰፈራችን ያለችው ዲኤስቲቪ ቤት ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ አግዳሚው ሞልቶ የቆመው ሰው እስከ በሩ ይደርስ ነበር። የዚያን ማታ ግን ከአስር አንበልጥም። ጨዋታው ቻርልተን ከቶተንሃም ነዋ። የቤቱ ባለቤት "አርሰናል የለ፣ ማንቼ የለ፣ ለእናንተ ብዬ ነው የከፈትኩት" እያሉ ሂሳብ ይሰበስባሉ።

ቻርልተን ከተሸነፈ ከፕሪሚየር ሊግ ይወርዳል። በ7ኛው ደቂቃ ቤርባቶቭ አገባበት። ከዚያ በኋላ ሲሮጥ አመሸ፤ ጎል ግን የለም። መጨረሻ ላይ ዴፎ ሁለተኛውን ጨመረና አለቀ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ወደ ባለቤቱ ዞሮ "ጋሼ፣ እነዚህ የዛሬ ሶስት ዓመት ሰባተኛ አልወጡም እንዴ?" አለ። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም።

ልጁ ልክ ነበር። በ2004 ቻርልተን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 7ኛ ሆኖ ጨርሷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2007 ወደ ሁለተኛው እርከን ሻምፒዮንሺፕ ወረደ። በ2009 ደግሞ ከዚያም ወርዶ ሶስተኛው እርከን ሊግ ዋን ገባ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ማለት ነው።

ለዚህ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ "ደጋፊው ጠገበ፣ በጥሩው አሰልጣኝ በከርቢሽሊ ላይ አጉረመረመ፣ የእጁን አገኘ።" ይህን መልስ ዓመታት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አልቀበለውም። ደጋፊው የፈለገው ነገር ነበር። ክለቡ ግን በትክክል አልሰማውም። ያልተሰማ ነገር ይዞ አሰልጣኝ ፍለጋ ወጣ። ነገሩን ከስሩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ የትኞቹ ደጋፊዎች እንደምናወራ እንወቅ። ቻርልተን የደቡብ ምስራቅ ለንደን ክለብ ነው። ሜዳው ዘ ቫሊ ይባላል። በ1985 ክለቡ ገንዘብ አጥሮት ሜዳውን ጥሎ ወጣ። መጀመሪያ የጎረቤት ባላንጣው የክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ፣ በኋላ ደግሞ ዌስትሃም ዘንድ ደባል ሆኖ ተጫወተ። ሰባት ዓመት ሙሉ። ባዶው ቫሊ አረም ወረሰው፤ ሰው ይቆምበት በነበረው ደረጃ መሃል ቁጥቋጦ በቀለ። በ1989 ደጋፊዎቹ ራሳቸው መጡ። አረሙን ነቀሉ፣ ቆሻሻውን ሰበሰቡ፣ ሜዳው መሃል ከምረው አቃጠሉት።

የግሪንዊች ምክር ቤት ለሜዳው እድሳት ፈቃድ ሲከለክል ደግሞ የፖለቲካ ፓርቲ አቋቋሙ። ስሙ "የቫሊ ፓርቲ" ነው። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፦ ክለባችን ወደ ቤቱ ይመለስ። በ1990 የአካባቢ ምርጫ ተወዳድረው 14,838 ድምጽ አገኙ። ወንበር አላሸነፉም፤ ምክር ቤቱ ግን መልእክቱ ገባው። ዲሴምበር 5 ቀን 1992 ቻርልተን ቫሊ ተመልሶ ፖርትስማውዝን 1 ለ 0 አሸነፈ። ያን ጊዜ ሜዳው የሚይዘው 8 ሺህ ገደማ ሰው ነበር።

እነዚህን ሰዎች "ጥጋበኛ" ለማለት አፌ አይደፍርም።

አሰልጣኙ አለን ከርቢሽሊ ነበር። በ1991 ከስቲቭ ግሪት ጋር በጣምራ ጀመረ፤ ከ1995 በኋላ ብቻውን ያዘው። በ1998 ዌምብሌይ ላይ በፕሌይኦፍ (ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ በሚደረግ የመለያ ውድድር) ፍጻሜ ከሰንደርላንድ ጋር 4 ለ 4 ወጡ። ክላይቭ ሜንዶንካ ሃትሪክ ሰራ፤ በመለያ ምት 7 ለ 6 አሸንፈው ፕሪሚየር ሊግ ገቡ። በዓመቱ ወረዱ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቡድኑ ሲወርድ ቦርዱ ከርቢሽሊን አላባረረውም። በ2000 የሁለተኛው እርከን ሻምፒዮን ሆኖ መልሶ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ 9ኛ፣ 14ኛ፣ 12ኛ፣ 7ኛ፣ 11ኛ፣ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቫሊ ደግሞ ሰፍቶ 27 ሺህ ሰው የሚይዝ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በእግር ኳስ የአንድን ክለብ ደረጃ በረጅም ጊዜ ከምንም በላይ የሚወስነው ደመወዝ ነው። ብዙ የሚከፍል ክለብ ጥሩ ተጫዋች ይሰበስባል፤ ጥሩ ተጫዋች ያለው ክለብ ከላይ ይቀመጣል። አሰልጣኙ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ግን እኛ ቡና እየጠጣን የምናስበውን ያህል ብዙ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክለብ የራሱ ቁመት አለው ማለት ነው። የቻርልተን ቁመት፣ በሚከፍለው ገንዘብ ሲለካ፣ ከ7ኛ ደረጃ ዝቅ ያለ ነበር። ከርቢሽሊ ግን ክለቡን በእግሩ ጣት አስቁሞት 7ኛውን አስነካው።

ችግሩ ተንጠራርቶ የቆመ ሰው ከሩቅ ሲታይ ረጅም ይመስላል። ስድስት ዓመት ተንጠራርቶ ከኖረ ደግሞ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እሱ ራሱም ቁመቱ ያ ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ 13ኛ መውጣት እንደ ውድቀት ይቆጠራል። በ1989 ያንን ሜዳ ያረመ ሰው "በ2006 ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ 13ኛ ትሆናላችሁ" ቢባል በደስታ ያለቅስ ነበር። ግን ማንም ሰው ዛሬን የሚለካው ከ17 ዓመት በፊት በነበረው አይደለም፤ በአምናው ነው። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው። ደጋፊውን ብቻ ለይተን የምንወቅስበት ነገር አይደለም።

ደግሞ ቅሬታው መሰረት ነበረው። የከርቢሽሊ ቻርልተን የታወቀ ጠባይ ነበረው። ቡድኑ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ነጥቡን ይሰበስባል፤ ከመውረድ ያድናል የሚባለው 40 ነጥብ አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ማርችና ኤፕሪል ላይ ስታዲየም የሚገባ ሰው የሚያየው የደከመ ቡድን ነው። በጃንዋሪ 2004 ቻርልተን ከላይኞቹ ጋር እየተናነቀ ሳለ ምርጡ አማካይ ስኮት ፓርከር በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ሄደ። ደጋፊው የገባው ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ክለባችን ይሸጣል እንጂ አይገፋበትም።

እንግዲህ "ሰለቸን" የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ "ከዚህ በላይ እንውጣ" ነው። ሌላው "በየሳምንቱ ስንመጣ የምናየው ነገር ይኑር፣ እኛንም ቁጠሩን" ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ብዙም አይጠይቅም፤ ወጣት ማሰለፍ፣ ለዋንጫ ጨዋታ ክብር መስጠት፣ ተጫዋች ሲሸጥ ምክንያቱን በግልጽ መናገር። ክለቦች ሁልጊዜ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ነው። ጮክ ብሎ የሚሰማው እሱ ነዋ።

የከርቢሽሊ ኮንትራት አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ለማራዘም አልተስማሙም። ኤፕሪል 29 ቀን 2006 መለያየታቸው ተነገረ። 15 ዓመት አለቀ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው ብዬ ልለፈው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከዚህ የከበደ ነገር አለ።

አሰልጣኝ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል? ጥያቄው ይህ ነው። 15 ዓመት የቆየ ሰው አሰልጣኝ ብቻ አይደለም። ማንን እንደሚገዙ የሚያውቀው እሱ ነው። የትኛው ተጫዋች ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የትኛው ወኪል እንደሚዋሽ፣ ከአካዳሚው ልጅ የትኛው እንደሚደርስ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክለቡ በዚያ ቀን ያጣው አንድ ሰው ሳይሆን ማስታወሻ ደብተሩን ነው። ብልህ ክለብ ሰውየው ከመሄዱ ከዓመታት በፊት ያንን ደብተር ይገለብጣል። እንዴት ነው የምንጫወተው? ስንት ነው የምንከፍለው? ተጫዋች የሚመርጠው ማን ነው? መልሱ ወረቀት ላይ ካለ የሚቀጥለውን አሰልጣኝ መምረጥ ቀላል ነው፤ ለወረቀቱ የሚስማማውን መፈለግ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ግን ቦርዱ ሰው አይመርጥም፤ ሰው ነው ቦርዱን የሚመርጠው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። የቦርድ አባላት አብዛኞቹ ነጋዴዎች ናቸው። እጩው ላፕቶፑን ይዞ ይገባል። በስላይድ ላይ ቀስቶች እየሳበ "እኛ ወደፊት ነው የምንጫወተው" ይላል። የቀድሞው አሰልጣኝ ዝምተኛና ጥንቁቅ ከነበረ ቦርዱ አፈ ጮሌና ደፋር ሰው ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ክለቦች ካሰናበቱት ሰው ተቃራኒ የሆነ ሰው የመቅጠር አባዜ አለባቸው። ለትናንት ህመም መድኃኒት ሲገዙ የነገውን በሽታ አይጠይቁም።

ጊዜውም ያስቸኩላል። ውድድሩ ሜይ ላይ ያልቃል፤ ተጫዋቾች ጁላይ ላይ ልምምድ ይጀምራሉ፤ የዝውውር መስኮቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ጥሩ አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ ስራ ላይ ነው፤ ለማምጣት ለክለቡ ካሳ መክፈል አለ። ስራ የሌለው ደግሞ ስራ ያጣበት ምክንያት አለው። በዚህ መሃል ደጋፊው በየቀኑ "ማነው? ማነው?" ይላል።

ቻርልተን ሜይ 30 ቀን 2006 ኢያን ዶዊን ሾመ። ሰውየው ዝቅ ተደርጎ የሚታይ አሰልጣኝ አልነበረም። በ2004 ክሪስታል ፓላስን ከሰንጠረዡ የታችኛው ክፍል አንስቶ ፕሪሚየር ሊግ ያስገባ ነው። ግን ፓላስ ነው! ቻርልተን ደባል ሆኖ የኖረበት ቤት። በሜይ 2005 ፓላስን መልሶ ያወረደው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ቫሊ ላይ የተደረገ 2 ለ 2 ጨዋታ ነበር። በዚያ ላይ ዶዊ ፓላስን ሲለቅ ቤተሰቡ ወዳለበት ሰሜን መቅረብ እንደሚፈልግ ተናግሮ የ1 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተትቶለታል። ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ደቡብ ለንደን ቻርልተን ጋ ተገኘ። ለጋዜጠኞች ሲተዋወቅ የፓላሱ ሊቀመንበር ሳይመን ጆርዳን የላከው የክስ ወረቀት አዳራሹ ድረስ መጣለት። በ2007 ፍርድ ቤቱ ለጆርዳን ፈረደ። አዲስ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው የደጋፊው ልብ ነው። ዶዊ ያንን ልብ በዕዳ ጀመረ።

ከ12 የሊግ ጨዋታ 2 አሸነፈ። 8 ነጥብ። ኖቬምበር 13 ተሰናበተ።

አሁን አንድ አሰልጣኝ በውድድር መሃል ሲባረር የሚደርሰውን ጉዳት እንይ፤ ብዙ ሰው የሚያስበው የካሳውን ገንዘብ ብቻ ነውና። አዎ፣ የቀረው ኮንትራት ይከፈለዋል፤ ለረዳቶቹም እንዲሁ። ከባዱ ግን ጥሎት የሚሄደው ቡድን ነው። በክረምቱ የተገዙት ተጫዋቾች ለእሱ አጨዋወት የተገዙ ናቸው። አዲሱ ሰው መጥቶ በሌላ መንገድ ልጫወት ሲል ግማሾቹ አይሆኑትም። ሌላ ለመግዛት ጃንዋሪ መጠበቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሻጭ ችግሩን ስለሚያውቅ ዋጋ ይቆልላል። ያልተፈለጉት ተጫዋቾች ደግሞ ደመወዛቸውን እየበሉ ይቀመጣሉ። ሁለት ሶስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ የአንድ ክለብ መልበሻ ክፍል የሶስት አሰልጣኞች ትርፍራፊ ይሆናል።

ዶዊን የተካው ሌስ ሪድ ነው። በዚያው ክረምት ወደ ክለቡ የመጣ ረዳት ነበር። ምሁር ነው፤ በእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ውስጥ ለዓመታት አሰልጣኞችን ያሰለጠነ ሰው። 8 ጨዋታ መራ፤ 1 አሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ፣ 6 ተሸነፈ። ከሽንፈቶቹ አንዱ የሚረሳ አይደለም። ዲሴምበር 19 በሊግ ካፑ ሩብ ፍጻሜ ከአራተኛው እርከን የመጣው ዋይኮምብ ቫሊ ላይ 1 ለ 0 አሸነፋቸው። ዲሴምበር 24፣ የፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሪድም ሄደ። 41 ቀን። ጋዜጦቹ ተሳለቁበት።

በዚህ ሰው ላይ የደረሰው ያሳዝነኛል። ሌስ ሪድ በኋላ ሳውዝሃምፕተን ገብቶ የእግር ኳሱ ክፍል ኃላፊ ሆነ። እስከ 2018 ቆየ፤ በእሱ ጊዜ ክለቡ ከሊግ ዋን ተነስቶ ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ በአካዳሚውና በምልመላው ስሙ ተነሳ። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት ነው። ትክክለኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሰራ። ቻርልተን የሰራው ስህተት ደካማ ሰው መቅጠሩ ሳይሆን መምህሩን እሳት ውስጥ መክተቱ ነው። "ከውስጥ እንሹም" የሚለው ምክር ብቻውን መልስ እንዳልሆነም እዚህ ላይ ይታያል።

በዚያው ቀን አለን ፓርዲው መጣ። በ41 ቀን ውስጥ ሶስት አሰልጣኝ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እዚህ ጋ ደግሞ ልብ ወለድ የሚመስል ነገር አለ። ፓርዲው ዲሴምበር 11 ከዌስትሃም ተባሯል። ዌስትሃም በምትኩ ዲሴምበር 13 የቀጠረው ማንን መሰላችሁ? አለን ከርቢሽሊን። ከርቢሽሊ ለወራት ስራ ፈት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ክለቦች ላለመውረድ ይታገሉ ነበር። ፌብሩዋሪ 24 ቫሊ ላይ ተገናኙ፤ ቻርልተን 4 ለ 0 አሸነፈ። ሜይ ላይ የተረፈው ግን ዌስትሃም ነው።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። ዶዊና ሪድ በ19 ጨዋታ 12 ነጥብ አመጡ። ፓርዲው በቀሪው 19 ጨዋታ 22 አመጣ። ድምሩ 34፤ ደረጃው 19ኛ። ከመውረድ ያመለጠው ዊጋን 38 ነበረው። አራት ነጥብ! ፓርዲው ባመጣበት ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ ቢሄዱ ኖሮ 44 ነጥብ ይደርሱ ነበር። እና ጊዜው ደግሞ የከፋ ነው። ከ2007 ጀምሮ ለሶስት ዓመት የሚቆየው የፕሪሚየር ሊግ አዲሱ የሀገር ውስጥ የቴሌቪዥን ውል 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ቻርልተን የወረደው ያ ገንዘብ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ጎል አግቢው ዳረን ቤንት በ16.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለቶተንሃም ተሸጠ። በኖቬምበር 2008 ቡድኑ ቫሊ ላይ በሼፊልድ ዩናይትድ 5 ለ 2 ተሸንፎ ፓርዲውም ሄደ። የውድድር ዘመኑን 24ኛ፣ የመጨረሻ ሆነው ጨርሰው ሊግ ዋን ገቡ። ከድጡ ወደ ማጡ።

አንዳንዱ "ታዲያ ዶዊን ይዘውት ቢሄዱስ ኖሮ?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የኔዘርላንድን ሊግ ውጤቶች ይዘው ይህንኑ መርምረዋል። ተከታታይ ሽንፈት የደረሰባቸውን ክለቦች ወስደው፣ አሰልጣኝ ያባረሩትን ካላባረሩት ጋር አነጻጸሩ። ያባረሩት ከዚያ በኋላ ውጤታቸው ይሻሻላል። ያላባረሩትም እንዲሁ ይሻሻላል። በእኩል መጠን ማለት ይቻላል። መጥፎ ዕድል ለዘለዓለም አይቀጥልም፤ ኳስ ብረት መምታቷን ታቆማለች፣ የተጎዳው ይመለሳል። እኛ ግን የምናየው አዲሱን ሰው ስለሆነ "አዳነን" እንላለን። ማባረር ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የውጤቱ መሻሻል ግን የማባረሩ ፍሬ መሆኑን ሳያጣሩ የሚያምኑ ቦርዶች በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ያደርጋሉ። በእኛ ሀገር ሊግም አሰልጣኝ በውድድር አጋማሽ ሲሰናበት ማየት ብርቅ አይደለምና ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በዚያችው ለንደን ሌላ ትንሽ ክለብ አለ፤ ብሬንትፎርድ። በኦክቶበር 2018 አሰልጣኙ ዲን ስሚዝ ወደ አስቶን ቪላ ሲሄድ ረዳቱን ቶማስ ፍራንክን ሾሙ። ፍራንክ ከመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች 8 ተሸነፈ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ነበር። የብሬንትፎርድ ሰዎች ግን ወረቀት ነበራቸው። ቡድኑ የሚፈጥረውንና የሚሰጠውን የጎል ዕድል ይቆጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ ደግሞ ሰውየው ስራውን እየሰራ መሆኑን ይነግራቸዋል። ያዙት። በ2021 ፕሪሚየር ሊግ አስገባቸው። በ2025 ወደ ቶተንሃም ሲሄድ ደግሞ የቆመ ኳስ (የቅጣትና የማዕዘን ምት) አሰልጣኛቸውን ኪት አንድሪውስን ተኩት። ደብተሩ የክለቡ ስለሆነ ሰው ሲሄድ አብሮ አይሄድም።

ወደ ቻርልተን ልመለስ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ከመጀመሪያው የበለጠ ያስተምራል። በጃንዋሪ 2011 የቀድሞ ተከላካያቸው ክሪስ ፓውል አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ቤቱን የሚያውቅ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። በ2012 ሊግ ዋንን በ101 ነጥብ አሸንፎ ወደ ሻምፒዮንሺፕ አወጣቸው። ደጋፊው ስሙን እየዘመረ ከሜዳ ይወጣ ነበር።

በጃንዋሪ 2014 ክለቡን ሮላንድ ዱሻትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ ባለሀብት ገዛው። በቤልጂየም፣ በሃንጋሪ፣ በጀርመንና በስፔን ሌሎች ክለቦች ነበሩት። በማርች ፓውልን አሰናበተ። እውነት ነው፣ ቡድኑ በሊጉ ግርጌ ነበር፤ በኤፍኤ ካፕ ግን ገና በዚያው ሳምንት ሩብ ፍጻሜ ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ቁጠሩ። ጆዜ ሪጋ መጥቶ ከመውረድ አዳናቸው፤ አላቆዩትም። ቦብ ፔተርስ መጣ፤ በጃንዋሪ 2015 ሄደ። ጋይ ሉዞን መጣ፤ በኦክቶበር ሄደ። ካሬል ፍራዬ ከቤልጂየም ሶስተኛ ዲቪዚዮን በጊዜያዊነት መጣ፤ ሄደ። ሪጋ ተመለሰ። በ2016 እንደገና ሊግ ዋን ወረዱ። ሪጋም ሉዞንም ከዚያ በፊት የዱሻትሌ የነበረውን የቤልጂየም ክለብ ስታንዳርድ ሊዬዥን ያሰለጠኑ ናቸው። ምርጫው የሚደረገው ባለቤቱ ከሚያውቃቸው ሰዎች መሃል ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱን አያችሁ? በ2006 ቦርዱ የደጋፊውን ድምጽ ግማሹን ሰምቶ ቸኮለ። በ2014 ባለቤቱ ጭራሽ ሳይሰማ ሾመ። ሁለቱም ያረፉት እዚያው ሊግ ዋን ላይ ነው።

በኖቬምበር 2015 የክለቡ ዋና ስራ አስፈጻሚ ካትሪን ሜይር ደብሊን ውስጥ በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ስለ ደጋፊዎች ተናገረች። ሀሳቧ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ሰው ምግብ ቤት ሄዶ ወይም ፊልም አይቶ ባይወደው በኃላፊዎቹ ላይ አይጮህም፤ የእግር ኳስ ደጋፊ ግን ክለቡ የራሱ ስለሚመስለው ይጮሃል። ይህ ለእሷ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ያንን ንግግር ስሰማ አረሙን የነቀሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ምግብ ቤት ሲዘጋ ማን ነው ሄዶ ወለሉን የሚጠርገው? ማን ነው ለምግብ ቤት ፓርቲ የሚያቋቁመው? "የኔ ነው" የሚለው ስሜት የክለቡ ትልቁ ሀብት ነው። በ1992 ቤቱን የመለሰው እሱ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ኮንትራት የለውም። ለአሰልጣኝ ቅጥር ደግሞ እንደ መስፈርት ሊያገለግል ይችላል፦ ይህ ሰው የገባበት ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል? ቢሸነፍ እንኳ ሰው የሚታገሰው ዓይነት ነው? ፓውል በ2011 ጥሩ ከጀመረ በኋላ ለሳምንታት ማሸነፍ ተሳነው፤ ሰዎቹ ግን ጠበቁት።

ኦክቶበር 15 ቀን 2016 ቻርልተን ቫሊ ላይ ከኮቬንትሪ ጋር ተጫወተ። የኮቬንትሪ ደጋፊዎችም በራሳቸው ባለቤቶች የተማረሩ ነበሩ። ጨዋታው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ከሁለቱም ወገን ለተቃውሞ የተወረወሩ የፕላስቲክ አሳማዎች ሜዳው ላይ ዘነቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አሳማዎች ሳሩ ላይ ተበተኑ። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ለቀሙ። ኳሱ ሲቀጥል ቻርልተን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ያን ቀን ቫሊ ውስጥ በውጤቱ የተከፋ አንድም የቻርልተን ደጋፊ አልነበረም።